የቀንድ ማንኪያ ከየትኛው ወገን ነው?

እኔ የተዘጋ ነገር ሳይ እጄ አያርፍም። ሬዲዮ ሲበላሽ ለምን እንደተበላሸ፣ ሲሠራ ደግሞ ለምን እንደሚሠራ ካላየሁ እህል አይወርድልኝም። ወልቂጤ ከተማ ውስጥ ሃያ ዓመት ኬሚስትሪ ሳስተምር፣ ከቤቴ ዕቃ ያልፈታሁት የለም። ሰዓቱን ፈትቻለሁ፣ ካውያውን ፈትቻለሁ፣ የበሩን ቁልፍ ፈትቼ በመስኮት ስንገባ ከርመናል። እስካሁን ያልፈታኋት ባለቤቴን መሠረትን ብቻ ነው፤ እሷም ብትሆን ሁለት ሦስት ጊዜ እንድፈታት ጠይቃኛለች።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ነው። ጊዜው ጎረቤት ሁሉ አንድ ለአምስት የተደራጀበት፣ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን የምትመጣበት፣ መንገዱ ግን በየአቅጣጫው የሚቆፈርበት ነበር። መሐንዲሱ ከቆፋሪዎቹ አለቆች አንዱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ አስተምረው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ «ጠ»ን ከ«ተ» ሳይለይ መንገዱ አለቀና ወደ አገሩ ሊሄድ ሆነ። የመጨረሻው ቀን ፒካፕ መኪና በራችን ላይ ቆመች። ከኋላዋ ነጭ፣ አራት ማዕዘን፣ ቁመቱ ወገቤ ድረስ የሚደርስ ሳጥን ወረደ። መሐንዲሱ ጨበጠኝና «ለማስታወሻ» አለኝ። «ሳህን ያትባል።»

ሰፈሩ ወዲያው ተሰበሰበ። አንዱ ምድጃ ነው አለ። ሌላው ጋዙ ያለቀ ፍሪጅ ነው አለ። የአንድ ለአምስታችን መሪ የሆኑት ሴትዮ ሳጥኑን ዞረው ዞረው አዩና «ካዝና ከሆነ ቀበሌ ማወቅ አለበት» አሉ። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ነው ብዬ ሳስረዳቸው አላመኑኝም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሲያገኙኝ ሰላምታቸው ከበፊቱ ጠለቅ ያለ ሆነ።

እንዲገጥምልኝ ሸምሱን ጠራሁት። ሸምሱ የቡታጅራ ሰው ነው፤ ከገበያው ጀርባ ፍሪጅና የኤሌክትሪክ ምድጃ ይጠግናል።

«አሰላሙ አለይኩም መምህር። የታለ ዕቃው?»

አሳየሁት። ምን እንደሚሠራም ነገርኩት። ተቀመጠና በሩን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ሳህኑን ማን ያስገባለታል?» አለኝ።

«እኛ።»

«ሲያልቅ ማን ያወጣለታል?»

«እኛው ነን።»

«ፍርፋሪውንስ?»

«መጀመሪያ እኛ እናራግፍለታለን።»

«እንግዲህ እሱ የሚሠራው የመሀሉን ብቻ ነው» አለ ሸምሱ፣ ቅር እንዳለው ሁሉ። ያም ሆኖ ሥራውን አከበረው። ጓሮ ውስጥ የእንጨት ቆጥ ሠርቶ በርሜል ሰቀለ፣ ትንሽ ዳይናሞ ገጠመ፣ ቱቦውን በማድ ቤቱ መስኮት አስገባ። መሠረት ይህን ሁሉ በር ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና «አራት ሳህን ነው ያለን» ብላ ወደ ሱቋ ሄደች።

የመጀመሪያውን ቀን በዝርዝር መናገር አልፈልግም። የልብስ ዱቄት ሳሙና ጨመርኩበት፤ የጨመርኩት እፍኝ ሙሉ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ከማሽኑ በር ሥር አረፋ መውጣት ጀመረ። ወለሉን ሞላ፣ ደፉን ተሻገረ፣ ደረጃውን ወርዶ ግቢ ገባ። ቀይዋ ዶሮአችን አንድ ጊዜ አየችውና ገባችበት፤ ስትወጣ ዶሮ መሆኗን ያወቅሁት በድምፅዋ ነው። መሐንዲሱ የማሽኑን የራሱን ሳሙና በካርቶን ትቶልን እንደነበር የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው። እንደ እንክብል የተጠቀለለ ነገር ነው። መሠረት የብል መድኃኒት መስሏት ቁምሳጥን ውስጥ በየልብሱ መሀል ሰክስካው ነበር። ለካ ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮቴ ንጹሕ ንጹሕ የሚሸተው ወዶ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ማሽኑ በደንብ ሠራ። ሳህን ስታስገቡለት ያብረቀርቀዋል። ግን ሳህን ያው ሳህን ነው። የሚገርመው ነገር አልቆ ስለነበር ሌላ ጥያቄ መጣብኝ፤ ከሳህን ሌላስ ምን ይችላል?

ከማሽኑ ጋር የመጣው መመሪያ በመሐንዲሱ አገር ቋንቋ የተጻፈ ነው። ከሥዕሎቹ አንድ ገጽ ሙሉ በቀይ የተሰረዙ ናቸው። አንደኛው ቢላዋ ይመስላል። ሁለተኛው የጉጉት ፊት ይመስላል። ሦስተኛው ወይ እንጨት ነው ወይ ዳቦ። ጭልፋ የለበትም፣ ማማሰያ የለበትም፣ ጣባ የለበትም። መጽሐፉን የጻፈው ሰው የጉራጌ ማድ ቤት ገብቶ እንደማያውቅ ግልጽ ነው። እንግዲህ ይህን ክፍተት የሚሞላ አንድ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ደብተር ገዛሁ። ሦስት ረድፍ አሰመርኩበት፤ «ይገባል»፣ «አይገባም» እና «ይሞከር»። የማድ ቤቱን ዕቃ በሙሉ «ይሞከር» ውስጥ ጻፍኩና ጀመርኩ።

የፕላስቲክ ጆጉ ታች ወዳለው ማሞቂያ ወርዶ ስለነበር ሲወጣ ትሪ ሆኖ ወጣ። የአልሙኒየም ድስቱ፣ መሠረት እንደ መስታወት ፊቷን የምታይበት፣ እንደ አህያ ጆሮ ግራጫ ሆነ። ዳር ዳራቸው ወርቅማ የሆኑት የሠርጋችን ስኒዎች ወርቃቸውን ጥለው ወጡ። ወርቁ የት እንደሄደ ማጣሪያውን ፈትቼ ፈለግሁ፤ አላገኘሁትም። ከሁሉ የገረመኝ ጣባው ነው። ጥቁሩ የሸክላ ጣባችን ምንም ሳይሆን፣ እንዲያውም አምሮበት ወጣና በደስታ «ይገባል» ብዬ ጻፍኩለት። እሑድ ክትፎ ተሠርቶ ሲቀርብ ግን ልጃችን ሕይወት አንዴ ጎርሳ ቆም አለች።

«አባዬ፣ ክትፎው ታጥቧል?» አለችኝ።

ሸክላ ለካ ሳሙና ይጠጣል። ጠጥቶ ዝም ይላል፣ ትኩስ ቅቤ ሲያገኝ ይናገራል። ይህን በደብተሬ ላይ ስጽፍ መሠረት አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ከዛሬ ጀምሮ ሳህን፣ ብርጭቆ፣ የብረት ማንኪያ» አለች። «ከዚያ ውጭ አንድ ነገር ስታስገባ ካየሁ አንተን ነው የማስገባህ።»

«እኔ ከየትኛው ረድፍ ነኝ?»

«ከማይገቡት። ግን እሞክርሃለሁ።»

ለሁለት ወር ያህል ጨዋ ሆኜ ኖርኩ። ከዚያ ሕይወትን የሚያገባት ሰው ተገኘ። የቡታጅራ ልጅ ነው፣ መምህር ነው፣ ቤተሰቦቹ እንደ እኛው ጴንጤዎች ናቸው። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ለምሳ እንዲመጡ ተቀጠረ። መሠረት አንድ ሳምንት ሙሉ ቤቱን ገለባበጠችው። ሐሙስ ደግሞ እናቷ እማማ ዘነበች ከጉንችሬ በሚኒባስ መጡ። ቆጮ ይዘዋል፣ ቅቤ ይዘዋል፤ በደረቅ ኮባ የተጠቀለለ አንድ ነገር ደግሞ ለማንም ሳይሰጡ ራሳቸው ታቅፈው ገቡ።

ኮባውን ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። አሥራ ሁለት የቀንድ ማንኪያ። ጥቁርና ማር የሚመስል ቀለም የተቀላቀለባቸው፣ እጀታቸው ላይ ቀጭን ቀለበት የተቀረጸባቸው ናቸው። የሠሯቸው የመሠረት አባት ናቸው፤ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። እማማ ዘነበች ማንኪያዎቹን ከሣጥን ያወጧቸው ከለቅሶው ወዲህ ገና አሁን ነው።

«ሽማግሌዎቹ ክትፎውን በዚህ ይበላሉ» አሉ። «በብረት ማንኪያ ክትፎ ምኑ ክትፎ ነው።»

ዓርብ ጠዋት መሠረትና እናቷ ገበያ ወጡ። መሠረት በሩ ላይ ሆና «ማንኪያዎቹ አቧራና የቆየ ቅቤ ይዘዋል። ለብ ባለ ውኃ፣ በእጅህ፣ ቀስ ብለህ እጠባቸው» አለችኝ። ሦስቱንም ነገር በጣቷ እየቆጠረች ነው የነገረችኝ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ስል ከልቤ ነበር።

ማንኪያዎቹን ይዤ ማድ ቤት ገባሁ። ማሽኑ እዚያ ቆሟል። አንዱን ማንኪያ አንስቼ በብርሃን አየሁት። ያኔ ነው ጥያቄው የመጣብኝ፤ ቀንድ ምንድን ነው? ብረት አይደለም። እንጨት አይደለም። ሸክላ አይደለም፣ ፕላስቲክም አይደለም። ደብተሬን አመጣሁ። በየትኛውም ረድፍ የለም፤ «ይሞከር» ውስጥ እንኳ አልጻፍኩትም ነበር። እንደ ኬሚስትሪ መምህር ግን አንድ የማውቀው ነገር አለ፤ ቀንድና ጥፍርና ፀጉር የተሠሩት ከአንድ ነገር ነው። ፀጉሬን በሙቅ ውኃ ስታጠብ ሃያ ዓመት ሆኖኛል። ምን ሆነ? ሳስቷል እንጂ አልጠመመም።

ጤነኛ ሰው አንድ ማንኪያ ብቻ ይሞክር ነበር። እኔ ግን ለአንድ ማንኪያ ያን ያህል ውኃ ማባከን በዚህ የውኃ ችግር ጊዜ ነውር ነው ብዬ አሰብኩ። አሥራ ሁለቱንም ደረደርኩ። አንዱን የመሐንዲሱን እንክብል ጨመርኩ። ዘጋሁ። ጆሮዬን በሩ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ፤ ሥራው ሰላማዊ ይመስል ነበር።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ስከፍተው እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ከእንፋሎቱ ጀርባ ያየሁት ማንኪያ አልነበረም። አንዱ እንደ ጥያቄ ምልክት ተጠምዝዟል። አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ ተዘርግቷል። ሁለቱ ተቃቅፈዋል። ያ ማር የሚመስል ቀለማቸው ጠፍቶ አመድ ለብሰዋል። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ደግሞ እንዲያ ተቀምጬ እንኳ ራሴን ያገኘሁት «ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያልጠመሙት ለምንድን ነው?» እያልኩ ስጠይቅ ነው። በሽታ ነው።

ትንሽ ሲበርዱ አንዱን ላቀናው ሞከርኩ። በሁለት እጄ ይዤ ጫን አልኩት። ጧ አለና እጀታው እጄ ላይ ቀረ። ያን ድምፅ ሕይወት ከጓዳ ሰምታ መጣች። እኔን አየች፣ ማንኪያዎቹን አየች፣ ማሽኑን አየች። ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«አያቴ በባጃጅ ቀድማ መጥታለች» አለችኝ ዝቅ ብላ። «ቅቤውን እያስቀመጠች ነው።»

«እናትሽስ?»

«ወንበር ልትዋስ ጎረቤት ጋ ቀረች። አባዬ፣ አሁኑኑ ንገራት። እማዬ ከመጣች ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ለእኔ ሳይሆን ለእናንተ ዕርቅ ይሆናል።»

ማንኪያዎቹን በትሪ ላይ አድርጌ እማማ ዘነበች ፊት ቀረብኩ። ትሪው ያ ድሮ ጆግ የነበረው ነው፤ በድንጋጤ ያገኘሁትን ነው ያነሳሁት። አንገቴን ደፍቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለ ፀጉርና ስለ ጥፍር ያሰብኩትን እንኳ አልደበቅሁም።

እማማ ዘነበች የተጠማዘዘውን አንስተው ዓይናቸው አጠገብ አቀረቡት። በአውራ ጣታቸው ጎኑን ዳበሱት። እንባ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ቀና አሉና «ውኃው ምን ያህል ይሞቃል?» አሉኝ።

«እጅ አያስገባም።»

«ይፈላል?»

«አይፈላም። ከመፍላቱ በፊት ይቆማል።»

«ለዚህ ነዋ» አሉ። «ለማጥመም የሚበቃ ነው። ለማቅናት አይበቃም።»

አልገባኝም። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ጣሉና ሕይወትን ውኃ እንድታፈላ አዘዟት። ወደ እኔ ዞረው እንዲህ አሉኝ፤ «ማንኪያው ከበሬ ራስ ላይ እንዲህ ሆኖ የበቀለ መስሎሃል? ቀንድ ይቀቀላል። ሲለሰልስ በእንጨት ይጨመቃል፣ ቅርጽ ይይዛል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ይጸናል። እሱ ይጨምቃል፣ እኔ እይዝለታለሁ። አርባ ዓመት ይዣለሁ።»

«ነግረውን አያውቁም እኮ፣ እማማ።»

«ማን ጠየቀኝ?»

በሕይወቴ ያልፈታሁትና ያልጠየቅሁት ነገር የለም ብዬ የምኮራ ሰው፣ ሃያ ሁለት ዓመት አማቻቸው ስሆን እኚህን ሴት አንድም ቀን ምን እንደሚያውቁ ጠይቄ እንደማላውቅ ያን ሰዓት ገባኝ። ፊቴ ጋለ። እሳቸው ለዚህ ጊዜ አልነበራቸውም።

ሥራ ጀመርን። ማንኪያውን በጉጠት ከፈላው ውኃ ያወጡታል፣ በጭልፋው ጀርባ ላይ አስተኝተው በጨርቅ ይጫኑታል፣ ሲቆጠር ሃያ እስኪሞላ ይይዙታል፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይጥሉታል። እኔ ቆጣሪ ሆንኩ። መሀል ላይ መጠየቅ ጀመርኩ። የላም ቀንድ ይሻላል የበሬ? የሽማግሌ በሬ ይሻላል የወይፈን? ጫፉ ለምን ይሆናል፣ ሥሩስ? እማማ ዘነበች አንዱንም ሳይሰለቹ መለሱልኝ። እንዲያውም ሳልጠይቃቸው ይጨምሩልኝ ጀመር።

ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ማንኪያውን አገላብጠው አዩትና ፈገግ አሉ።

«ይቺ ድሮም ጠማማ ናት» አሉ። «የቀኝ ትከሻዋ ከፍ ይላል። የሠራት ቀን ነግሬው ነበር። አልጠመመችም አለኝ። እኔም ተውኩት።»

«እንደነበረች እንተዋት?» አልኳቸው፤ የባለቤታቸው እጅ ያለበት መታሰቢያ ነው ብዬ ነው።

ትንሽ አሰቡ። «አይ» አሉ። «ጠማማ ናት እያልኩት ሞተ።» ፍል ውኃው ውስጥ ከተቷት፣ አወጧት፣ አቀኗት። ሃያ ስቆጥር ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ አብረውኝ እየቆጠሩ ይሁን ከሟቹ ጋር እየተነጋገሩ አላወቅሁም። ያንን ብቻ አልጠየቅኋቸውም።

መጨረሻ ላይ ሁሉንም በቅቤ ወለወልናቸው። ማር የሚመስለው ቀለም ቀስ እያለ ተመለሰ። ከሰዓት መሠረት ስትገባ ማንኪያዎቹ በነጭ ጨርቅ ላይ ተደርድረው ነበር። ቆጠረቻቸው። እንደገና ቆጠረቻቸው።

«አሥራ ሁለት ነበሩ።»

እኔ አፌን ስከፍት እናቷ ቀደሙኝ። «አንዱን መምህር ሰበረ። አሥራ አንዱን አጠመመ። እኔ አቀናሁ። አሁን ሥጋው የት ነው?»

መሠረት እኔን ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ እናቷን አየች፤ እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ተሰብስቦ፣ ፊታቸው በእንፋሎት ወዝቶ፣ ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ ባላየችው ሁኔታ ቆመዋል። የምትናገረውን ተወችውና ሥጋውን ልታመጣ ሄደች።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ መጡ፣ አራት ናቸው። ጸሎት ተደረገ፣ ክትፎው ቀረበ፣ አሥራ አንዱ ማንኪያ ለእንግዶችና ለቤተ ዘመድ ታደለ። ለእኔ የብረት ማንኪያ ደረሰኝ፤ ቅሬታ አላቀረብኩም። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ገና ከመጀመሪያው ጉርሻ በኋላ ማንኪያውን አገላብጠው አዩት።

«ይህን የሠራ ማን ነው?»

መሠረት «አባቴ ናቸው፣ ከሞቱ...» ብላ ስትጀምር እማማ ዘነበች ከጥግ ተናገሩ።

«እሱ ጀመራቸው» አሉ። «ትናንት እኔ ጨረስኳቸው።»

ሽማግሌው እንዴት ብለው ጠየቁ። እማማ ዘነበች ስለ ማሽኑ መናገራቸው ግድ ሆነ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ስመኝ፣ ሽማግሌው «እስቲ እንየው» ብለው ተነሱ። ሦስቱም ተከተሏቸው። ክትፎው ተትቶ፣ የመጡበት ጉዳይ ተትቶ፣ አራት የተከበሩ ሽማግሌዎች ማድ ቤታችን ውስጥ ማሽኑን ከበው ቆሙ። አንዱ ምጣድ ይገባ እንደሆነ ጠየቁ፤ በሩ አያስገባውም አልኩ። ሌላው ቅል ይገባ እንደሆነ ጠየቁ። ወንፊትስ? የብረት ሙቀጫስ? በሙቀጫው ላይ ሁለቱ ተከራከሩ። አንደኛው ብረት ስለሆነ ይገባል አሉ፤ ሌላኛው ማሽኑን ይዞት ይሄዳል አሉ። እኔ ደብተሬን አምጥቼ ማብራራት እንደጀመርኩ የሕይወት አንገት በበሩ ብቅ አለ።

«አባዬ» አለች፣ ድምጿን አለስልሳ። «የእኔ ጉዳይ አልቆ ነው?»

ሽማግሌዎቹ ኩታቸውን አስተካክለው ወደ ሳሎን ተመለሱ። ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጃችሁን ለልጃችን» አሉ። እኛም አላንገራገርንም። ሲወጡ ትልቁ ሽማግሌ ወደ እማማ ዘነበች ጠጋ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለሙሽሮቹ ለሠርጋቸው አሥራ ሁለት እንዲህ ያለ ማንኪያ ይሠሩላቸው እንደሆነ ጠየቋቸው። እማማ ዘነበች እሑድ ሊመለሱ ነበር። «አያለሁ» አሉ ብቻ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሸምሱ በራችን ላይ ጆንያ ያወርዳል። ከቡታጅራ ቄራ የመጣ የበሬ ቀንድ ነው፤ ሽታው ከመንገድ ማዶ ይጠራል። መሠረት አፍንጫዋን ይዛ በረንዳው ላይ ቆማለች። እማማ ዘነበች ግን እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ የማሽኑን በር ከፍተው፣ መደርደሪያውን እየሳቡ እየመለሱ ያያሉ። ዘወር ብለው አዩኝ።

«መምህር» አሉኝ። «ለመጀመሪያው ማለስለሻ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ይሄ ሣጥንህ በአንድ ጊዜ ስንት ቀንድ ይችላል?»